የኡስታዛችን ሐቅ



በመድረሳ ቁርኣን ያስቀሩን፣ ኋላም አብረናቸው ያስተማርን ኡስታዛችን ወደ አኼራ ሄደዋል። ስንሳሳት በልጆቹ ፊት አያርሙንም ነበር፤ ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቀው «እስቲ አብረን እንቅራው» ይሉናል። ነውራችንን ሸሸጉልን፤ እኛ ግን አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንናቸውም።

ኢማም አቡ ሐኒፋ በኩፋ ከተማ ከሐማድ ኢብኑ አቢ ሱለይማን ዘንድ 18 ዓመት ተምረዋል። ሐማድ በ120 ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ የማስተማሩን ቦታ ተረከቡ። በሰገዱ ቁጥር ከወላጆቻቸው ጋር ለሐማድም ምሕረት ይለምኑ እንደነበር ተዘግቧል።

ምስጋናችን ዘግይቷል፤ ዱዓ ግን ይደርሳቸዋል። ከሰላት በኋላ ለወላጆቻችን እጃችንን ስናነሳ ያስቀሩንንም እንጨምር። በሕይወት ያሉትን ደግሞ ዛሬውኑ እንዘይራቸው።

አላህ ይዘንላቸው። ኣሚን።