ብርና ዶላር እንዴት ተራራቁ?



ፊደሉን ለይታችኋል፣ መደመርና ማባዛቱንም ችላችኋል። ቀጥሎ ስለ ምን እንነጋገር ብለን ስንመካከር፣ በየመቀነታችን ስለቋጠርነው ብር ብናወራ ይሻላል አልን። ብርን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዶላርን ግን ብዙዎቻችን በዓይናችን አላየነውም። ሆኖም የማዳበሪያውንና የነዳጁን ዋጋ ከሩቅ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

ምንዛሪ ማለት ምን ማለት ነው? የአንድ አገር ገንዘብ በሌላ አገር ገንዘብ ሲለካ የሚያወጣው ዋጋ ማለት ነው። ነገሩ ለአያቶቻችን እንግዳ አልነበረም። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ ተነሥቶ ሲጓዝ፣ በራቀ ቁጥር እየተወደደ ይሄድ ነበር። ስለዚህ አንድ ጠገራ ብር በጨው ሜዳው አቅራቢያ ብዙ አሞሌ ሲያስገኝ፣ በሩቅ ገበያ የሚያስገኘው ጥቂት ነበር። ያም ምንዛሪ ነው።

ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ገዥ የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ነው። በውጭ ስሙ ታለር ይባላል። ስሙ የወጣለት ዮአኪምስታል በምትባል፣ ዛሬ በቼክ አገር ባለች የብር ማዕድን ከተማ ነው። ዶላር የሚለውም ስም የተወለደው ከዚሁ ከታለር ነው። ስለዚህ ጠገራ ብርና ዶላር በስም ዘመዳሞች ናቸው። ክብደታቸውም ቢሆን ይቀራረብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1792 በወጣው ሕግ የአሜሪካ ዶላር 24 ግራም ያህል ንጹሕ ብር እንዲኖረው ተወሰነ፤ በጠገራው ውስጥ ያለው ደግሞ 23.4 ግራም ያህል ነበር። በውስጣቸው ያለው ንጹሕ ብር በሚዛን ቢቀመጥ ልዩነቱ አንድ ግራም አይሞላም።

ታዲያ እንዴት ተራራቁ? በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ዋጋው በወርቅ ተመጠነ፤ 1 ዶላርም በ2.48 ብር ተመነዘረ። በ1956 ዓ.ም. 2.50 ሆነ። ያን ጊዜ ዶላርም በወርቅ የታሰረ ነበር። በነሐሴ 1963 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ መንግሥት ዶላርን ለሌሎች መንግሥታት በወርቅ መለወጡን አቆመ፤ ዶላርም ረከሰ። ብር ባለበት ሲቆም ዶላር ወደ ታች ስለ ወረደ፣ ምንዛሪው በ1964 ዓ.ም. 2.30፣ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ 2.07 ሆነ። ሁለት ሰዎች ደረጃ ላይ ቆመው አንዱ ቢወርድ፣ ያልተንቀሳቀሰው ከፍ ያለ ይመስላል አይደል? እንደዚያ ነው።

ይህ 2.07 እስከ መስከረም 1985 ዓ.ም. ድረስ አልተነካም። ወደ ሃያ ዓመት ማለት ነው! ግን ቁጥሩ ስላልተነካ ብሩ ጉልበቱን ጠብቆ ቆየ ማለት አይደለም። ፈላጊው ሁሉ በዚያ ዋጋ ከባንክ ዶላር አያገኝም ነበር፤ በጓሮ ገበያ ከእጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር። በ1985 ዓ.ም. መንግሥት 1 ዶላር በ5 ብር እንዲሆን ወሰነ።

እስቲ እርሳሳችንን እናንሣ። ውጭ አገር በ100 ዶላር የተሸጠ ቡና በፊት 207 ብር ያስገኝ ነበር፤ በአዲሱ ምንዛሪ 500 ብር አስገኘ። ጥሩ ነው! ግን ከውጭ በ100 ዶላር የሚገዛ ማዳበሪያም በፊት 207 ብር ነበር፤ እሱም 500 ብር ሆነ። አያችሁ? በአንድ እጅ ሲጨምር በሌላ እጅ ይወስዳል። ቡና ያለው ቤትና ቡና የሌለው ቤት እኩል አይነካቸውም። ልጁ ከዓረብ አገር ገንዘብ የምትልክለት ቤተሰብና በወር ደመወዝ የሚኖር ቤተሰብም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ ብር ደረጃ በደረጃ ወረደ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዋጋው በአንድ ጊዜ በ15 በመቶ ተቀነሰ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ብር ገደማ ገባ። ከዓመት በኋላ ከ130 ብር በላይ ሆነ። የዚህ ዋናው ምክንያት ስውር አይደለም፤ አገራችን ወደ ውጭ ሸጣ ከምታገኘው ይልቅ ከውጭ ለመግዛት የምታወጣው እጅግ ይበልጣል። በዚያ ላይ የአገር ውስጥ ዋጋ በፍጥነት ሲንር ብር ይደክማል።

ወገኖቻችን! ምንዛሪን እኛ ከዚህ ሆነን አንወስነውም። ማንበብ ግን እንችላለን። ነጋዴው «ዶላር ጨምሯል» ብሎ የማዳበሪያውን ዋጋ ሲሰቅል፣ «ስንት ነበር? ስንት ሆነ? ይህን ያመጣኸውስ በየትኛው ነው?» ብለን እንጠይቅ። ያው ነጋዴ ቡናችንን ሊገዛ ሲመጣ ደግሞ የዶላሩን መጨመር ይረሳዋል። ያን ጊዜ እኛ እናስታውሰው። እርግጥ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሊወድቅም ይችላልና ሁለቱንም ቁጥር ማየት አለብን። በባንክ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ለተማረ ከተሜ ብቻ አልተጻፈም፤ አሁን እናንተም ታነቡታላችሁ። አንብባችሁም አባዙት፤ ሒሳቡ የእናንተው ነው።