«ሜይ» ስለምትባለው የእንግሊዝኛ ረዳት ግሥ (በእንጦጦ ራጉኤል ለተማሪዎች ማኅበር የተደረገ ንግግር)



«ሜይ» ሁለት ትርጉም አላት። አንደኛው ፈቃድ ነው፤ «ዩ ሜይ ጎ» ማለት መሄድ ተፈቅዶልሃል ማለት ነው። ሁለተኛው ምናልባት ነው፤ «ኢት ሜይ ሬይን» ስንል ዝናቡን የፈቀደለት የለም፤ ይዘንብ ይሆናል ማለታችን ነው። የእኛም «ይችላል» ለሁለቱ ያገለግላል።

ችግሩ «ኖት» ስትጨመር ይብሳል። በደንብ ላይ «ሜይ ኖት ኢንተር» የሚለውን «ላይገባ ይችላል» ብሎ የተረጎመ ሰው ክልከላውን ምርጫ አደረገው። ትክክሉ «መግባት አይፈቀድለትም» ነው።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። ይህ እንጦጦ መቀመጫቸው የነበረው ዳግማዊ ምኒልክ በ1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ፣ ንጉሡ ከኤውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ይህ የፈቃድ «ሜይ» ነው። የጣልያንኛው ቅጂ ግን በዚያው በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል አለ። ሮማ ይህን እንደ ግዴታ ቆጥራ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለመንግሥታት አስታወቀች። ክርክሩ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ፤ ውሉም በ1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሻረ።

ስለዚህ ስንተረጉም፣ ቃሉ ፈቃድ ነው፣ ምናልባት ነው ወይስ ግዴታ ብለን አስቀድመን እንጠይቅ። አባቶቻችን የአንዲት ግሥ ትርጉም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቁ ነበር።