በሬዎቹ ስንት አተረፉልን?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. በደጋፊዎቻችን ተዘዋዋሪ ገንዘብ አምስት በሬዎች በ240,000 ብር ገዝተን ማድለብ መጀመራችን ይታወሳል። በሬዎቹ ተሸጠው ሲያልቁ 350,000 ብር አወጡ። እልል አልን። «110,000 አተረፍን» የሚለው ወሬም ደብረ ብርሃንን አዳረሰ። ዛሬ የቆምነው ይህን ወሬ ለማረም ነው። ወጪው ሳይቀነስ የሚወራ ትርፍ በሬ ወለደ እንደማለት ነውና።

በመጀመሪያ በደረሰኝ የምናውቀውን ወጪ እንቀንስ። ለፉርሽካ፣ ለኑግ ፋጉሎና ለገለባ 67,600 ብር ወጥቷል። ለመኪና፣ ለደላላ፣ ለመድኃኒትና ለገመድ 13,400 ብር ወጥቷል። የቀረው 29,000 ብር ነው። ብዙዎቻችሁ «ይካፈልልን» ያላችሁት ይህንን ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ ያለባችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ጥያቄያችሁ ቀላል አይደለም።

ነገር ግን መዝገባችን ላይ ያልሰፈሩ ሦስት ወጪዎች አሉ። አንደኛው ጉልበት ነው። ሁለት እህቶቻችን ለ120 ቀናት፣ በዚያ ብርድ ከወፍ ጋር እየተነሡ በረት ጠርገዋል፣ ውኃ ቀድተዋል፣ መኖ አቅርበዋል። ለእያንዳንዳቸው በቀን 100 ብር ብቻ ብናስብ 24,000 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ጠላ ከሚጠምቁ አባሎቻችን ቤት በነፃ የመጣው አተላ ነው። ለጎረቤት ቢሸጥ 4,000 ብር ያወጣ ነበር። ሦስተኛው አንዲት እናታችን በነፃ የሰጡን ግቢ ነው። በወር 1,000 ብር ቢከራይ፣ በአራት ወር 4,000 ብር ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 32,000 ብር ይሆናሉ። እንግዲህ አላተረፍንም፤ 3,000 ብር ከስረናል። ኪሳራውን የሸፈኑልን ዝም ብለው የሠሩና የሰጡ እህቶቻችን ናቸው።

ኪሳራው ከየት መጣ? አራቱ በሬዎች ለፋሲካ ተሸጡ። አምስተኛውን በዋዜማው 72,000 ብር ሲሉን «75 ካልሆነ አንሸጥም» አልን። በዓሉ ሚያዝያ 27 ቀን አለፈ፣ ገበያው ቀዘቀዘ። ከ20 ቀን በኋላ በ66,000 ብር ለቀቅነው። በእነዚያ ቀናት በቀን የ130 ብር መኖ፣ በድምሩ 2,600 ብር በልቷል። ከዋጋው የቀነሰው 6,000 ሲጨመር 8,600 ብር አጣን። በጊዜው ሸጠነው ቢሆን ኖሮ ሁሉም ተከፍሎ 5,600 ብር ይተርፈን ነበር። በሬ ደግሞ እየሰባ ሲሄድ አንድ ኪሎ ለመጨመር የሚበላው መኖ እየበዛ ይሄዳል። ማቆየት ሁልጊዜ ማትረፍ አይደለም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንዲያጸድቁልን ጉባኤውን እንጠይቃለን።

ከ29,000 ብሩ 24,000 ለሁለቱ እህቶች ይከፈል፤ 5,000 ወደ ተዘዋዋሪው ገንዘብ ይመለስ። ዘንድሮ ክፍፍል አይኖርም። ከአሁን በኋላ ለእያንዳንዱ በሬ የራሱ ገጽ ይከፈት፤ የተገዛበት ዋጋ፣ በየቀኑ የበላው መኖና በየ15 ቀኑ በሜትር የተለካው የደረት ዙሪያው ይጻፍበት። ደረቱ መጨመር ሲያቆም በሬው ይሸጥ። ስንገዛ የከሳ ግን ጤነኛና አጥንተ ሰፊ እንምረጥ፤ መኖ ሲያገኝ ቶሎ የሚመለስ እርሱ ነው። ገለባውን አዝመራ እንደተሰበሰበ፣ ሳይወደድ እንግዛ። ሁሉንም በሬ ለአንድ በዓል አናስቀምጥ፤ የዐረፋ ገበያም አለ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ «አተረፍን» ብለን ብንጽፍላችሁ ደስ ይላችሁ እንደነበር እናውቃለን። እኛ ግን የሰጣችሁን ገንዘብ በትርፍ ስም ተካፍለን ከምንበላው፣ እውነቱን ነግረናችሁ በረታችን ሳይዘጋ ቢቀጥል እንመርጣለን።

መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ኑና እዩት።