ዕቃን መለየት፣ ቤትን ማቅለል

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

 

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤታችን ነው። ባልና ሚስት ተመካክረው የማያስፈልገውን ዕቃ እንዴት ይለያሉ? ጥቅሙስ ምንድን ነው?

ከሊማሊሞ ቁልቁለት ሥር ያለችውን ድብ ባሕርን እናስብ። በገጠሩ ብዙ ቤት አንድ ክፍል ነው። እዚያው ይበሰላል፤ እዚያው ይበላል፤ እዚያው ይተኛል። ጎታውም፣ ምድጃውም፣ መደቡም እዚያው ነው። በዚህ ላይ የተሰነጠቀ እንስራ፣ ያረጀ ስልቻ፣ የተሰበረ ሞፈር፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን ይከመርበታል። «አንድ ቀን ይጠቅመናል» እየተባለ ዓመት ያልፋል። ያ ቀን ግን አይመጣም።

ታዲያ ምን ጉዳት አለው? ትሉ ይሆናል። ጉዳትማ አለው! አይጥ የምትራባው በተከመረ ዕቃ ሥር ነው። እህል ትበላለች፤ ልብስ ትቆርጣለች፤ ወረቀትም አትምርም። ከጎታው ሥር የቀረ የአምና እህል ካልተጠረገ፣ ነቀዙ ወደ አዲሱ እህል ይተላለፋል።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአማራ ክልል የባልና ሚስት የመሬት ደብተር በሁለቱም ስም ይጻፋል። ይህ ደብተር የት ነው ያለው? ሁለታችሁም ታውቃላችሁ? በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ጎንደር በደረሰ ጊዜ፣ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። እንዲህ ባለ ቀን ዕቃ ለመፈለግ ጊዜ የለም። ደብተሩ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ብድግ አድርጎት ይወጣል። ከጓዝ ሥር የቀበረው ሰው ግን ጥሎት ይሄዳል።

እንግዲህ ሥራውን እንዴት እንጀምር? አንድ ቀን ምረጡ። ዕቃውን ሁሉ ወደ ደጅ አውጡና በሦስት ክፈሉት።

አንደኛ፣ በየቀኑ የምንሠራበት። ይህ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ አልፎ አልፎ የምንፈልገው። የእንግዳ ሞሰብና የክት ልብስ ከዚህ ይገባሉ። ይህ ተጠቅልሎ ከፍ ብሎ ይሰቀል።

ሦስተኛ፣ የማንሠራበት። የሚጠገነው ይጠገን። የሚሸጠው ይሸጥ። ለጎረቤት የሚጠቅመው ይሰጥ። የቀረው ይጣል። የተሰባበረ ሸክላ ውሃ እያቆረ ትንኝ እንዳያራባ ይቀበር።

አደራ፣ ሁለት ነገር አትርሱ! የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ለውሃ፣ ለጠላ፣ ለዘይት አይሆንም። መርዙ አይለቅም። በስታችሁ ከጥቅም ውጭ አድርጉት። የነቀዝ ክኒን የገባበት እህልም ሰው በሚተኛበት ቤት አይቀመጥ። ከክኒኑ የሚወጣው አየር ተኝቶ ያለውን ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ባል «ያንቺ ኮተት ነው ቤቱን የሞላው» ይላል። ሚስት ደግሞ «ያንተ ብረታ ብረትስ?» ትላለች። በዚህ ጠብ ሥራው ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ዕቃ ራሱ ይለይ። አንዱ የሌላውን ዕቃ ሳይጠይቅ አይጣል። ከእናት የተወረሰ አገልግል ቢያረጅም ለባለቤቱ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ይቀመጥ። ጥረጊያውም የሚስት ሥራ ብቻ አይሁን። ቤቱ የሁለት ሰው ነውና ሁለቱም ይሥሩ።

ዕቃው ሲቀንስ ሥራም ይቀንሳል። የሚጠረገው፣ የሚነሣው፣ የሚፈለገው ያንሳል። ማታ በጨለማ ክብሪት ፍለጋ መዳበስ ይቀራል። ለልጆቹም መቀመጫና ማጥኛ ቦታ ይገኛል።

የሳምንቱ ሥራችሁ ይህ ነው። ማንበብና መጻፍ ጀምራችኋል። በቁራጭ ወረቀት ላይ «ዘር»፣ «ጨው»፣ «መድኃኒት» ብላችሁ ጻፉና በየዕቃው ላይ አስሩ። የመሬቱን ደብተር፣ የልጆቹን የክትባት ካርድና የዕዳ ወረቀቱን በአንድ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ክተቱ። ከላዩ ላይ «ወረቀት» ብላችሁ ጻፉበት። ከዚያም ባልም ሚስትም ቦታውን ይወቁ።

በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ፣ ደኅና ሁኑ።