ስለ ዋና ቆብ ጥቅምና ጉዳት

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰማው ንግግር። ላልተገኙ አባላት ሲባል በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ዋና ቆብ ነው። አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አያለሁ። «ሚዛን ተፈሪ ላይ ጃንጥላ እንጂ የዋና ቆብ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው እል ነበር። ነገር ግን ባለፈው ቅዳሜ ወንዝ ዳር ያየሁት እንቅልፍ ነሣኝ። አምስት የሠፈራችን ልጆች ፌስታል ራሳቸው ላይ አጥልቀው፣ አገጫቸው ሥር ቋጥረው ይዋኛሉ። ምንድን ነው ይሄ ብላቸው፣ «ጋሼ፣ ቴሌቪዥን ላይ ዋናተኞቹ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ውሃ አይበላም» አሉኝ።

ውሃ አይበላም! ነገሩ ያለው እዚች ላይ ነው። ባለፈው ስብሰባ ከማኅበሩ ገንዘብ ለልጆቹ ቆብ ይገዛ ተብሎ ሐሳብ ሲቀርብ እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጠይቄ፣ አንብቤ፣ የተረዳሁትን ላስረዳችሁ።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንይ። የዋና ቆብ ጸጉርን ሰብስቦ ይይዛል፤ ጸጉር ዓይን ውስጥ አይገባም። ዋናተኛው ውሃውን ሲሰነጥቅ ጸጉር አይጎትተውም፤ ስለዚህ በውድድር ጊዜ ይፈጥናል። በመዋኛ ገንዳ ደግሞ የረገፈ ጸጉርና የተቀባ ቅቤ የውሃ ማጣሪያውን እንዳይደፍን ይረዳል፤ ብዙ ገንዳዎች ያለ ቆብ አናስገባም የሚሉት ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለራስ ትንሽ ሙቀት ይሰጣል። ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ደግሞ ዋናተኛው ከሩቅ ይታያል። ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው።

ዓይነቱም ይለያያል። አንዱ ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራ ነው። የጎማ ዛፍ እዚሁ ጉራፈርዳ ስለተተከለ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ይህ ቆብ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ስስ ስለሆነ ይቀደዳል፣ ጸጉር ይነጫል፣ አንዳንድ ሰውንም ያሳክካል። ሁለተኛው ሲሊኮን የሚባለው ነው፤ ወፈር ይላል፣ ይለሰልሳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሦስተኛው የጨርቅ ነው፤ ራስን አያጠብቅም፣ ግን ውሃ ያስገባል። እውነቱን ለመናገር የትኛውም ቆብ ጸጉርን ጨርሶ ደረቅ አያደርግም።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ። ከጠበበ ራስ ያሳምማል። ግንባር ላይ ያለውን ጸጉር ይሰብራል። ልጆች ከራስ ወደ ራስ ከተቀባበሉት ቅማልና የራስ ጭርት ያዛምታል። ዋናው ጉዳት ግን ጆሮ መሸፈኑ ነው። የኛን ወንዝ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ፀሐይ ሆኖ ላይ ተራራው ላይ ከዘነበ ሳይታሰብ ይሞላል። ጆሮው የተሸፈነ ልጅ የጎርፉን ድምፅ አይሰማም፤ እናቱ ብትጣራም አይሰማም።

ፌስታልማ ጭራሽ ቆብ አይደለም። ሲረጥብ አፍና አፍንጫ ላይ ይለጠፋል፤ ቋጠሮውም ውሃ ውስጥ በቶሎ አይፈታም። ልጅ የሚታፈንበት ነገር ነው። ዛሬ ማታ እቤታችሁ ስትገቡ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ።

ሌላም አለ። ቆብ ሰውን አያንሳፍፍም። ከቢልሃርዚያም አያድንም፤ ቢልሃርዚያ ውሃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በእግርም በእጅም ቆዳ በኩል ነው የሚገባው። የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. አድዋ ላይ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው እንዶድ እንደሚገድላቸው ያወቁት።

ስለ ሴት ልጆቻችንም አንድ ቃል ልናገር። ሹሩባ ስለተሠራች ቆቡ አልገባላት ብሎ «ተዪው፣ ዋና ለአንቺ አይሆንም» የተባለች ልጅ እዚሁ አለች። ይህ የኛ ሠፈር ችግር ብቻ አይደለም። ሶል ካፕ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ለሹሩባና ለጎፈሬ የሚሆን ሰፊ ቆብ ሠርቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ከቶኪዮ ኦሊምፒክ በፊት ዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን የራስን ተፈጥሯዊ ቅርጽ አይከተልም ብሎ ለውድድር ከለከለው። ብዙ ሰው ተቃወመ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈቀደው። እንግዲህ ለጸጉሩ የሚሆን ቆብ ይፈለጋል እንጂ ልጅቱ ከዋና አትከለከልም።

ወገኖቼ፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ አባቶቻችን። የቡና ለቀማ ሲደርስ ሁላችንም ማሳ ነው የምንውለው፤ ልጆቹ ከወንዙ ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ። ስለዚህ ያለፈውን ድጋፌን አንሥቼ ሌላ ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ/ በቆቡ ገንዘብ በመጀመሪያ ረጅም ጠንካራ ገመድ ይገዛ። እሱና ክዳናቸው የጠበቀ ሁለት ባዶ ጀሪካኖች ልጆቹ በሚዋኙበት ቦታ አጠገብ ካለው ቤት ይቀመጡ። ልጅ ውሃ ከወሰደው ዋና የማይችል ሰው ዘሎ አይግባ፤ ጀሪካኑን በገመድ አሥሮ ይወርውርለት።

2ኛ/ በለቀማ ወራት ዋና የሚችል አንድ ጎልማሳ በየተራ ወንዝ ዳር ይዋል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔ እይዛለሁ።

3ኛ/ ገንዘብ ከተረፈ ደማቅ ቀለም ያላቸው ቆቦች ይገዙ፤ ለሹሩባ የሚሆንም ይኑርበት። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ይሁን፤ ጆሮም አይሸፍን።

ቆቡ ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን የሰውን ዓይን አይተካም። በሐሳቡ ላይ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንሰጣለን፤ እንዳትቀሩ። ተራ ለመያዝ የምትፈልጉ ከዚህ ወረቀት ሥር ስማችሁን ጻፉ።



የማኅበሩ ጸሐፊ