«ቀሪ» ከመጻፋችን በፊት
(ለዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው፣ ሰው ክፉና ደጉን የሚለይበት አስተሳሰብ ከልጅነት እስከ ሽምግልና እንዴት እንደሚያድግ ነው። እኛ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት አላለፍንም፤ ዕድሜያችንም ያለቀው በመዝገብ ቤት ነው። ነገሩን ያስረዳችን አስተማሪዋ ልጃችን ናት።

ዣን ፒያዤ የሚባል የስዊስ አገር ምሁር በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለልጆች የነገራቸው ታሪክ አለ። አንዱ ልጅ ለምግብ ተጠርቶ በር ሲከፍት፣ ከበሩ ጀርባ መኖሩን ያላወቀውን 15 ስኒ ሰበረ። ሌላው እናቱ በሌለችበት ማርማላታ ሊሰርቅ ሲንጠራራ 1 ስኒ ሰበረ። «ማንኛው የባሰ አጠፋ?» ሲባሉ፣ ትንንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ «15 የሰበረው» ይላሉ፤ ከፍ ያሉት ግን «ሊሰርቅ የሄደው» ይላሉ። ትንሹ ስባሪውን ይቆጥራል፤ ትልቁ ሐሳቡን ይመረምራል።

ከእሱ በኋላ ሎሬንስ ኮልበርግ የሚባል አሜሪካዊ ነገሩን በ3 ደረጃ ከፈለው። የመጀመሪያው ቅጣት ፈርቶ ወይም ጥቅሙን አይቶ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሰው ምን ይለኛል፣ ወይም ሕግ ነው ብሎ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ሕጉ ለምን እንደ ወጣ አመዛዝኖ ማድረግ ነው። ብዙ አዋቂ ከሁለተኛው አያልፍም ይላል።

እኛስ? ጥሩምባ ሲነፋ ሁላችንም ለቀብር እንወጣለን። አንዱ መቀጫ ፈርቶ፣ አንዱ እንዳይታማ፣ አንዱ ግን ኀዘን ለብቻ እንደማይቻል ገብቶት ነው።

እኛም የስም መጥሪያውን መዝገብ ስንይዝ፣ አንዲት እናት የታመመ ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ስትውል ከቀብር ቀረች። «ደንብ ደንብ ነው» ብለን ቀሪ ጻፍን። እሷም አንድ ቃል ሳትናገር መቀጫዋን ከፍላ ሄደች። ለካ ያን ቀን ስኒ ስንቆጥር ኖሯል! ጠጉራችን ሸብቶ ፍርዳችን የልጅ ነበር።

ደንቡ ይፍረስ ማለታችን አይደለም። ደንብ ባይኖር ድንኳን የሚተክል እንደማይገኝ እናውቃለን እኮ! የምንለምነው፣ በመዝገቡ ላይ ከ«ቀሪ» አጠገብ «ምክንያት» የሚል አንድ ዓምድ እንዲጨመር፣ ዳኛውም ሳይጠይቅ እንዳይቀጣ ነው።

ያችን እናት በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን።