ባዶ ቦታ ምን ይሠራል?

ዛሬ ስለ መጽሔት ገጽና ስለ ፎቶ ቅንብር እንጨዋወታለን። ቁልፉ ነገር ባዶ ቦታ ነው።

መቼም በያይነቱ ሲቀርብ ወጡ ሁሉ አንድ ላይ አይገለበጥም። ምስሩ ለብቻ፣ ጎመኑ ለብቻ ይወጣል፤ በመሃል እንጀራው ይታያል። ያ ክፍተት ባይኖር ሁሉም ይደበላለቃል። በገጽ ላይም የባዶ ቦታ ሥራ ይኸው ነው፤ ዐይን አንዱን ከሌላው እንዲለይ ያግዛል።

እሺ፣ የመጽሔት ዲዛይን ተማሪ ነሽ እንበል። ጥር 25 ቀን ደብረ ታቦር ላይ፣ በመርቆሬዎስ በዓል፣ የሚጋልብ ፈረሰኛ ፎቶ ልታነሺ ነው። ፈረሱን መሃል ላይ አትቸንክሪው። ወደ ቀኝ የሚጋልብ ከሆነ ወደ ግራ አስጠጊው፤ ከፊቱ ባዶ ቦታ ተይለት። ለምን? ተመልካቹ ፈረሱ የሚሄድበትን ያያል፤ ሩጫውም ይሰማዋል።

ለሽፋንስ? የጉና ተራራን ስታነሺ ከበላዩ ሰፋ ያለ ሰማይ አስቀሪ። የመጽሔቱ ስም እዚያ ያርፋል። ፎቶው ከጠበበ ግን ፊደሉ ተራራው ላይ ይወጣል፤ ያኔ ስሙም አይነበብ፣ ተራራውም አይታይ።

እንግዲህ አድማጮች፣ ካሜራ ስታነሡ ባዶ ቦታውን አስቀድማችሁ አስቡበት።